ካማሮን የሚጠብቀው ብዙ፣ ቀብድ የሚያስይዘው ስንት?

የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ በሚቺጋን ግዛት፣ በላንሲንግ ከተማ ከሚገኘው ፋብሪካው የመጨረሻውን ሼቭሮሌ ካማሮ ያወጣው በዲሴምበር 2023 ነው /በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ካልተለየ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው/። የመኪናው ወዳጆች ግን ሐዘን አልተቀመጡም። የሼቭሮሌ ኃላፊዎች ምርቱ እንደሚቆም በማርች 2023 ሲያስታውቁ፣ ለጊዜው የሚተካው ሞዴል ባይኖርም የካማሮ ታሪክ በዚህ እንደማያበቃ አብረው ተናግረው ነበርና። ከዚያ ወዲህ "ይመለሳል"፣ "ባለ 8 ሲሊንደር ይሆናል"፣ "የለም፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚመጣው" እየተባለ የሚናፈሰው ወሬ ሁሉ የተቀጣጠለው በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው።

ይህን አነጋገር ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ሱቁን ዘግቶ ታፔላውን ያላወረደ ሰው ደንበኞቹ ወደ ሌላ በር እንዳይለመዱበት የሚያደርገው ነው። "ዕቃው በመንገድ ላይ ነው" የሚባለውም ለዚሁ ነው። ለጄኔራል ሞተርስ አንዲት ዓረፍተ ነገር ወጪ አታስወጣም። ወጪ የሚያስወጣው ዕቃውን ማምጣቱ ነው። ስለሆነም ሊጠየቅ የሚገባው የካማሮ አፍቃሪዎች ስንት ናቸው የሚለው ሳይሆን፣ ከአፍቃሪዎቹ መካከል ቀብድ አስይዞ የሚጠብቀው ስንቱ ነው የሚለው ነው። የዚህ መኪና የስድሳ ዓመት ታሪክ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ደጋግሞ አሳይቷል።

ካማሮ የተወለደው በፍቅር አይደለም፤ በቅናት ነው። ፎርድ ኩባንያ በአፕሪል 1964 ሙስታንግን በኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ሲያቀርብ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 22 ሺህ ትዕዛዝ ተቀበለ፤ በአንድ ዓመት ውስጥም ከ400 ሺህ በላይ ሸጠ። ሙስታንግ ከላይ ሲያዩት አዲስ ነገር ይምሰል እንጂ ከሥሩ ፋልከን የተባለው የፎርድ ርካሽ የቤተሰብ መኪና ነበር። መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር። ጄኔራል ሞተርስ የጠፋበትን ገበያ ለማስመለስ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጅቶ በሴፕቴምበር 1966 ካማሮን በ2,466 ዶላር መነሻ ዋጋ አወጣ። ጋዜጠኞች "ካማሮ ማለት ምን ማለት ነው?" ብለው ሲጠይቁ የሼቭሮሌ ሰዎች ሙስታንግ የሚበላ ትንሽ ክፉ አውሬ ነው ብለው መመለሳቸው ይነገራል። በመጀመሪያው የሞዴል ዓመት 220 ሺህ ገደማ ተሸጠ። በዚያን ዘመን የአንድ መካከለኛ አሜሪካዊ ቤተሰብ የዓመት ገቢ 8 ሺህ ዶላር ገደማ ስለነበረ መኪናው የሚፈጀው ከዓመት ገቢው ሲሦ የማይሞላውን ነበር። ገዢው ደግሞ በብዛት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለደውና በዚያን ሰሞን መንጃ ፈቃድ ማውጣት የጀመረው ወጣት ነው። ዋጋና ዕድሜ የዚያን ያህል የተገጣጠሙበት ጊዜ ከዚያ በኋላ አልተገኘም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሜሪካኖች "መስል ካር" ወይም ባለጡንቻ መኪና የሚሉት ዓይነት አነሳሱ ከዚህ ጋር ተመሳሳይ ነው። የዓይነቱ አባት የሚባለው ፖንቲያክ ጂቲኦ በ1964 ሞዴልነት የወጣው፣ መካከለኛ መጠን ባላቸው መኪኖች ላይ ትልቅ ሞተር እንዳይገጠም የጄኔራል ሞተርስ የራሱ መመሪያ እየከለከለ፣ መሐንዲሶቹ "ሞዴል አይደለም፤ ለቴምፔስት የሚጨመር ተጨማሪ ዕቃ ነው" በሚል ዘዴ ነው። የታሰበው 5 ሺህ ለመሸጥ ሲሆን የተሸጠው ከ32 ሺህ በላይ ሆነ። ሚስጥሩ ከባድ አይደለም። ለሌላ ሥራ አስቀድሞ በተሠራ አካል ላይ ትልቅ ሞተር ማስገባት፣ ከዚያም የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ሊከፍለው በሚችል ዋጋ መሸጥ ነው።

አፍቃሪዎች ይህን የዋጋ ነገር ዘንግተው ሞተሩን ብቻ ያስታውሳሉ። ለዚህም ከሁሉ በላይ የሚጠቅሱት በ1969 የተሠሩትን 69 ካማሮ ዜድ ኤል 1 መኪኖች ነው። ሞተሩ 427 ኪዩቢክ ኢንች፣ ሙሉ በሙሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ለእሽቅድምድም የታሰበ ነበር። ዛሬ ከእነዚህ አንዱ ለጨረታ ሲቀርብ ዋጋው በመቶ ሺሆች ዶላር ይቆጠራል፤ በደላሎቹ ዘንድም "የካማሮ ዘውድ" ተብሎ ይጠራል። የዘውዱ የመጀመሪያ ታሪክ ግን እምብዛም አይነሳም።

በኢሊኖይ ግዛት ላ ሃርፕ በምትባል አነስተኛ ከተማ ፍሬድ ጊብ የተባለ የሼቭሮሌ ሻጭ ነበር። እሽቅድምድም የሚወድ፣ ደንበኞቹም የሚወዱ ሰው ስለነበረ፣ ለእሽቅድምድም ፈቃድ የሚያስፈልገውን ቁጥር ለማሟላት 50 መኪኖች በአንድ ጊዜ አዘዘ። መኪኖቹ ሲደርሱ ዋጋቸው ከጠበቀው በላይ ሆኖ አገኘው። ሞተሩ ብቻ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ስለሚያወጣ የአንዱ መኪና ዋጋ ከ7,200 ዶላር አለፈ። በዚያ ገንዘብ ሁለት ተራ ካማሮ ተገዝቶ ለቤንዚን የሚሆን ይተርፍ ነበር። አድናቂው መጥቶ መከለያውን አስከፍቶ፣ ሞተሩን አይቶ፣ ተደንቆ ሄደ። የገዛው ጥቂት ነው። ሻጩ ሼቭሮሌን ለምኖ አብዛኞቹን መኪኖች ለኩባንያው መለሰ፤ ኩባንያውም በየክልሉ ላሉ ሌሎች ሻጮች አከፋፈላቸው። አንዳንዶቹ ሻጮች ደግሞ ያንን ሞተር አውጥተው ርካሽ ሞተር እየገጠሙ መሸጣቸው ተጽፏል።

እንግዲህ ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ከሚፈለጉት አሜሪካዊ መኪኖች አንዱ አዲስ ሆኖ ሳለ ሻጩ ግቢ ውስጥ የቆመ፣ ወለድ የሚቆጥር ዕቃ ነበር። የሚፈለገው የሚፈልገው ትውልድ ገንዘብ ሲይዝና ዕቃው ሲያልቅ ነው። ይህ ለአሮጌ መኪና ሰብሳቢ መልካም ወሬ ነው፤ ፋብሪካ ለሚያንቀሳቅስ ኩባንያ ግን ምንም አይጠቅመውም። ጄኔራል ሞተርስ በ1969 ከሠራቸው መኪኖች ላይ ዛሬ ከሚደረገው ጨረታ አንዲት ሳንቲም አያገኝም።

ባለጡንቻዎቹን የገደላቸው ሦስት ነገር ነው ይባላል። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ባለትልቅ ሞተር መኪና በሚነዱ ወጣቶች ላይ ዓረቦኑን ሰቀሉ። በ1970 የወጣው የአየር ብክለት ሕግ ሞተሮቹን አዳከመ። በመጨረሻም በኦክቶበር 1973 የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ መጣ። /ይኸው የነዳጅ ዋጋ ንረት ወደ እኛም ተሻግሮ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችን ሥራ አስቁሞ፣ ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ አንዱ ቆስቋሽ እንደነበረ አንባቢ አይዘነጋም። ዲትሮይት ላይ ሞተር ሲያንስ፣ አዲስ አበባ ላይ መንግሥት ተነቃነቀ።/

እዚህ ላይ አፍቃሪዎች መስማት የማይፈልጉት አንድ ቁጥር አለ። ካማሮ በታሪኩ ከሁሉ በላይ የተሸጠው ሞተሩ ኃይለኛ በነበረበት በ1960ዎቹ አልነበረም። በ1979 ሞዴል ዓመት ነው፤ 282 ሺህ 571። በዚያ ዓመት ዜድ 28 የተባለው ስፖርተኛ ካማሮ እንኳ 175 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ዛሬ ተራ የቤተሰብ መኪና ከዚያ የሚበልጥ ጉልበት አለው። ዜድ ኤል 1ዱ ከአሥር ዓመት በፊት በወረቀት ላይ እንኳ 430 ይባል ነበር። ገበያው ያኔ ይገዛ የነበረው መልኩን፣ ወንበሩን፣ ስሙንና ዋጋውን ነው። ጡንቻው ቢቀንስም መኪናው ከመቼውም በላይ ተሸጠ። "ካማሮ ያለ 8 ሲሊንደር ካማሮ አይደለም" የሚሉ ወገኖች ይህን ዓመት እንዴት እንደሚያስረዱት ቢነግሩን መልካም ነበር። በ1979 ብዙ ገዢ ይዞ የሄደው መነሻ ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር የሆነውን መኪና ነው።

ከዚያ በኋላ ገበያው በዝግታ ሸሸ። ወጣቱ ገዢ አገባ፣ ልጅ ወለደ፣ ባለአራት በር ፈለገ፤ ከዚያም ከፍ ብሎ የሚቀመጡበት ስፖርት ዩቲሊቲ የሚባለው ዓይነት መጣ። በ2002 ካማሮ 42 ሺህ ገደማ ብቻ ተመርቶ፣ ይሠራበት የነበረው በካናዳ ኩቤክ የሚገኘው ፋብሪካ አብሮ ተዘጋ። ፎርድ ግን ሙስታንግን ሳያቋርጥ ቀጠለ። ሙስታንግ ከ1964 ጀምሮ አንድም ዓመት ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም፤ ይህን ጥቂት ታዛቢዎች እንደ ግትርነት ቢያዩትም፣ ተፎካካሪ ሲዘጋ ክፍት ሆኖ መገኘት ራሱ ንግድ ነው።

የመጀመሪያው የናፍቆት ዘመን የተጀመረው ያኔ ነው። በጃንዋሪ 2006 በዲትሮይት የመኪና ትርኢት ላይ ኩባንያው የ1969ን መልክ የሚያስታውስ ናሙና ካማሮ አሳየ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ "እንሠራዋለን" አለ። በ2007 ቢጫ ካማሮ "ትራንስፎርመርስ" በተባለው ፊልም ላይ ታየ፤ መኪናው ለሽያጭ ሳይደርስ አባቱን ያላየ ትውልድ እንኳ አወቀው። ምርቱ በማርች 2009 በኦንታሪዮ፣ ኦሻዋ ተጀመረ፤ በጁን 1 ቀን 2009 ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ ራሱ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ማመልከቻ አስገባ። ባለቤቱ እየከሰረ ዕቃው ሲሸጥ ማየት የተለመደ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ተሸጠ። በ2010 በአሜሪካ 81 ሺህ 299 ካማሮ ሲሸጥ ሙስታንግ 73 ሺህ 716 ላይ ቆመ። ካማሮ እስከ 2014 በየዓመቱ ሙስታንግን ቀደመ።

ይህ የሆነው አፍቃሪዎች ስለጮሁ ብቻ ከሆነ፣ በዚያው ዘመን የነበሩ ሌሎች ናፍቆቶች ለምን ወደቁ?

ፎርድ በ1955 የወጣውን ባለሁለት ወንበር ተንደርበርድ በ2002 ሞዴልነት አስመለሰ። /ተንደርበርድ እውነተኛ ባለጡንቻ ባይሆንም የናፍቆቱ ዓይነት አንድ ነው።/ ኒማን ማርከስ የተባለው የቅንጦት ሱቅ በካታሎጉ ላይ ያወጣቸው 200 ልዩ መኪኖች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አለቁ። ሻጮች ከተለጠፈው ዋጋ በላይ እየጨመሩ መጠየቅ ጀመሩ። በመጀመሪያው የሞዴል ዓመት ከ31 ሺህ በላይ ተመረተ። የቸኮለው ሁሉ ገዝቶ ካበቃ በኋላ ግን ሁለተኛ ተርታ አልነበረም። ከ35 ሺህ ዶላር ጀምሮ የሚሸጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ መኪና የሚገዛው ሌላ መኪና ያለው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አንዴ ይገዛና ያበቃል። በ2005 ምርቱ ቆመ።

ፖንቲያክም በ2004 ጂቲኦን መለሰ። ይህኛው በእውነት ፈጣን ነበር። ነገር ግን አካሉ ከአውስትራሊያው ሆልደን ሞናሮ የተወሰደ በመሆኑ መልኩ ጂቲኦን አያስታውስም፤ የአውስትራሊያ ዶላር በዚያን ሰሞን በመጠንከሩም ከውጭ እየገባ የሚሸጠው መኪና ዋጋ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። በዓመት 18 ሺህ ገደማ ይሸጣል ተብሎ ታስቦ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ 40 ሺህ ብቻ ሆኖ በ2006 ተዘጋ። ለአሥር ዓመታት "ጂቲኦን መልሱልን" ሲሉ የነበሩት "ይኼ እኛ የምናውቀው አይደለም" ብለው አለፉት። ምንዛሪ ላይ ተመሥርቶ ከውጭ ዕቃ የሚያስገባ የአዲስ አበባ ነጋዴ ይህን ታሪክ ከማንም በተሻለ ይረዳዋል፤ ዕቃው በታዘዘበት ዋጋና ዕቃው በደረሰበት ዋጋ መካከል ያለውን ገደል ያውቀዋልና።

የ2009ኙ ካማሮ ከሁለቱ የሚለየው መነሻው 23 ሺህ ዶላር ገደማ በመሆኑ ነው። በዚያ ዋጋ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 304 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ አራት ሰው ሊቀመጥበት የሚችል መኪና ይገኝ ነበር። ባለ 8 ሲሊንደሩ 31 ሺህ ገደማ ነበር። ገንዘብ ያለውም የሌለውም አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ሄደ። ናፍቆቱ ሰውን ወደ ሱቁ አስገባ፤ ሒሳቡ ግን እዚያው አስቀረው።

ቁጥሩን በእርሳስ ማስላት ይቻላል። ለአዲስ ሞዴል መቅረጫና መሣሪያ 500 ሚሊዮን ዶላር ወጣ እንበል፤ ምሳሌ ነው። መኪናው በዓመት 80 ሺህ እየተሸጠ ስድስት ዓመት ቢቆይ፣ ከዚያ ወጪ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ነው። በዓመት 30 ሺህ ብቻ ከተሸጠ ወደ 2,800 ይጠጋል። ያንን ልዩነት ከገዢው መጠየቅ ዋጋውን ያንራል፤ የናረ ዋጋ ደግሞ ገዢውን ይቀንሳል፤ ገዢው ሲቀንስ ድርሻው እንደገና ይከብዳል። ስድስተኛው ትውልድ ካማሮ የወደቀው በዚህ አዙሪት ውስጥ ነው።

ያ ስድስተኛ ትውልድ በ2016 ሞዴልነት ሲወጣ በአነዳዱ ከሙስታንግ የተሻለ እንደሆነ ባለሙያዎች መስክረውለት ነበር። ከካዲላክ ጋር የጋራ መሠረት ነበረውና። ይሁን እንጂ መስኮቶቹ ጠባብ በመሆናቸው ከውስጥ ወደ ውጭ ማየት ያስቸግራል ተባለ፤ ዋጋውም ከፊተኛው ከፍ አለ። ሙስታንግ በበኩሉ በዚያው ሰሞን ቀኝ መሪ ሆኖ ከፋብሪካ መውጣት ጀምሮ ወደ እንግሊዝና ወደ አውስትራሊያ ገበያ ገባ። በ2015 ሙስታንግ በአሜሪካ ብቻ ከ122 ሺህ በላይ ሲሸጥ ካማሮ ወደ 77 ሺህ ወረደ። በ2021 ካማሮ ከ22 ሺህ በታች ሆነ። በእርግጥ ያኔ የቺፕ እጥረቱም ነበረ፤ ጥፋቱ ሁሉ የገዢው አይደለም።

ቀጥሎ የሆነው ግን በተለይ ለደላላ ወገን የሚጣፍጥ ነው። ኩባንያው በማርች 2023 "ሊቆም ነው" ሲል የዓመቱ ሽያጭ ወደ 31 ሺህ ከፍ አለ፤ ከቀደመው ዓመት ሩብ ያህል ጨመረ ማለት ነው። መኪናው አልተለወጠም፤ ዋጋውም አልረከሰም። የተለወጠው "ያልቃል" የሚለው ቃል ብቻ ነው። ለዓመታት እወድሃለሁ ሲል የነበረው ሰው ገንዘብ ያወጣው መኪናው ሊሞት ሲል ነው። ይህ ፍላጎት አይደለም፤ ጉምሩክ ሊዘጋ ነው ሲባል የሚታየው ዓይነት ግዢ ነው። ኩባንያው ያንን የመጨረሻ ዓመት ጭማሪ እንደ ማስረጃ ይዞ "ገዢ አለ" ብሎ ቢነሳ ራሱን ያታልላል።

ሌላኛው ማታለያ ስሙን ብቻ ማስመለስ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ብሌዘር የሚለውን የቆየ ስም ለተራ የከተማ ስፖርት ዩቲሊቲ ሰጥቶ ወዳጆቹን አስቀይሟል። ፎርድ ሙስታንግ የሚለውን ስም ባለአራት በር ለሆነ የኤሌክትሪክ መኪና ሲሰጥ ብዙ ተብሏል፤ ያ መኪና በ2024 በአሜሪካ ከዋናው ሙስታንግ በላይ መሸጡን ግን የተቆጡት ወገኖች እምብዛም አያነሱትም። ዶጅ በ2024 ኤሌክትሪክ ቻርጀር አውጥቶ የሞተር ድምፅ የሚያስመስል ማጉያ ገጠመለት፤ ገበያው ቀዝቃዛ ምላሽ ሰጠው፤ ኩባንያውም ቤንዚን የሚጠጣውን ቻርጀር አስከተለ። የዶጅ እህት የሆነው ራም ደግሞ ያቆመውን ባለ 8 ሲሊንደር ሄሚ ሞተር በ2025 ወደ ጭነት መኪናው ሲመልስ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ትዕዛዝ እንደደረሰው አስታወቀ። እዚህ ላይ ወዳጆቹ ትክክል ናቸው። ሆኖም የታዘዘው የጭነት መኪና ነው። ሰውዬው እንጨት ይጭንበታል፣ ጀልባ ይጎትትበታል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርስበታል፤ ድምፁ ትርፉ ነው። ካማሮ የሚጭነው ነገር የለውም።

በሌላ በኩል አየሩ ወደ ወዳጆቹ መዞሩን መካድ አይቻልም። ጄኔራል ሞተርስ በሜይ 2025 ቀጣዩን ትውልድ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር በኒው ዮርክ ግዛት ቶናዋንዳ ለመሥራት 888 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ አስታውቋል። ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ይሰጥ የነበረው የ7,500 ዶላር የፌዴራል የታክስ ቅናሽ በሴፕቴምበር 2025 አብቅቷል። በዚያው ዓመት ከውጭ በሚገባ መኪና ላይ 25 በመቶ ታሪፍ መጣሉ ደግሞ በአሜሪካ ግዛት ውስጥ የቆመ ፋብሪካ ላለው ሁሉ ሥራ የሚያስገባበት ምክንያት ሰጥቶታል። ሞተሩ አለ፤ ሕጉ ለቅቋል፤ ፋብሪካውም ቦታው ላይ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት "አይሆንም" የተባለው ዛሬ "በምን ዋጋ?" ወደሚል ጥያቄ ወርዷል።

ዋጋው ላይ ነው እንግዲህ የሚጠበቀው አደጋ ያለው። በአሜሪካ የአዲስ መኪና አማካይ ዋጋ በ2025 ለመጀመሪያ ጊዜ 50 ሺህ ዶላር አልፏል። ከሚሸጡት አሥር መኪኖች ስምንት ያህሉ ስፖርት ዩቲሊቲና ፒክአፕ ናቸው። በ1966 መንጃ ፈቃድ ያወጣው ወጣት ዛሬ ሰማንያ ዓመት እየተጠጋው ነው። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ የተቀመጠ ሥራ አስኪያጅ ቀላሉ መንገድ ይታየዋል፤ ጥቂት ሺህ መኪና ቁጥር እየተለጠፈበት፣ 700 የፈረስ ጉልበት እየተገጠመለት፣ በ80 ወይም በ100 ሺህ ዶላር ለጡረተኛ መሸጥ። በመጀመሪያው ዓመት ያልቃል። ሻጮች ከዋጋው በላይ ይጠይቃሉ። ጋዜጦች "ናፍቆት አሸነፈ" ይላሉ። በሦስተኛው ዓመት ተንደርበርድ ይሆናል።

የሚያዋጣው መንገድ ያን ያህል አያስጨበጭብም፤ አፍቃሪዎችንም ምናልባት ያስቆጣቸዋል። መሠረቱን ከሌላ በብዛት ከሚሠራ መኪና ጋር ተጋርቶ፣ መነሻው ከገበያው አማካይ ዋጋ በግልጽ ያነሰ፣ በትንሽ ሞተር የሚጀምር፣ ምናልባትም እንደ ቻርጀር አራት በር ያለው ካማሮ። ቻርጀር በ2006 ሞዴልነት ባለአራት በር ሆኖ ሲመለስ ወዳጆቹ "ይህ ስድብ ነው" ብለው ነበር፤ ከዚያም ለአሥራ ስምንት ዓመት ተሸጠ። ባለ 8 ሲሊንደሩም ቢሆን ይኑር። ከዋጋ ዝርዝሩ ላይኛው ጫፍ ተቀምጦ ለታችኛው ጌጥ ይሁን፤ የ1967ቱም የ2010ሩም ሥርዓት ይኸው ነበር። በካማሮ ስም የሚምል ሁሉ ሁለቱ የበለጸጉ ዘመኖቹ በታችኛው ዋጋ የተሠሩ መሆናቸውን መቀበል ይቸግረዋል፤ ዕቃው ግን የሚኖረው በእነዚያ ገዢዎች ነው።

አሮጌ ካማሮ ገዝተው "አዲሱ ሲመጣ ዋጋው ይሰቀላል" ብለው የሚጠብቁ ኢንቬስተሮችም አሉ። የ1969ኙ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ የራሱ ገበያ አለው፤ አዲሱ ቢመጣም ባይመጣም። በ2023 "የመጨረሻው ነው" ተብሎ ተሸጦ ጋራዥ ውስጥ በሸራ የተሸፈነው ግን ሌላ ነው። የተገዛው መጨረሻ በመሆኑ ነው። አዲስ ካማሮ በመጣ ቀን መጨረሻነቱ ይቀርና ያለፈው ሞዴል ይባላል። ባለቤቱ የመኪናው መመለስ ከሚያስደስታቸው ሰዎች መካከል ቢሆንም፣ ኪሱ ግን ባይመለስ ይመርጣል።

ለአዲስ አበባ አንባቢ ነገሩ የግዢ ጥያቄ አይደለም። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ባለ 8 ሲሊንደር ቤንዚን ጠጪ ማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ አይኖርም። አሜሪካ ያለው ወገን ግን ይጠብቃል፤ ይህም መብቱ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚጠብቁት ግን ላንሲንግ ውስጥ ናቸው። የካማሮ ምርት ሲቆም በዚያ ፋብሪካ ከ360 በላይ ሠራተኞች ከሥራ እንደሚቀነሱ ኩባንያው ለግዛቲቱ መንግሥት በጽሑፍ አሳውቆ ነበር፤ ለአንዳንዶቹ በሌሎች ፋብሪካዎች ቦታ እንደሚፈለግላቸውም ተገልጿል። ካማሮ በዚያ መስመር ላይ ሲጋራቸው ከነበሩት ካዲላኮች ጋር ሆኖ ነው ፋብሪካው ሙሉ ይሠራ የነበረው። ለእነዚህ ሰዎች 5 ሺህ ቁጥር የተለጠፈበት የ100 ሺህ ዶላር መኪና ማለት የጥቂት ሳምንታት ሥራ ነው፤ በዓመት 60 ሺህ የሚሸጥ፣ መስኮቱ ሰፋ ያለ፣ ባለትንሽ ሞተር ካማሮ ማለት ሁለተኛ ፈረቃ ነው። በ1969 ላይ ያለቀሱት ሰብሳቢዎችና እነዚህ ሠራተኞች የሚጠብቁት አንድ ስም ያለው፣ ሁለት የተለያየ መኪና ነው።